ጎንደር ላይ አዲስ ቴአትር መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቴአትር እጽፋለሁ። የጻፍኩትን አብዛኛውን ጊዜ ራሴው አዘጋጃለሁ። አዘዞ ተወልጄ ጎንደር ከተማ ነው የምኖረው። ባጃጅ ውስጥም ሆነ ለቅሶ ቤት፣ ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ በተቀመጥኩበትም ሰው የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። መልሱን እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። አንዳንዱ ላይ ከረዘመባችሁ ወሬ ስለምወድ ነው።

ዋናው ሥራሽ ምንድን ነው?

ይሄ። ደመወዝ የሚከፈለኝን ማለታችሁ ከሆነ ግን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። እናቴ ስትጠየቅ «አስተማሪ ናት» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ማታ ማታ ቴአትርም ትሠራለች» ብላ ትጨምራለች።

አንድ አዲስ ቴአትር ከሐሳብ እስከ መድረክ ምን ያህል ይፈጃል?

የእኔ ፈጣኑ ስምንት ወር ነው። ቀርፋፋው አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሰው ጊዜ የሚበላው ጽሕፈቱ ይመስለዋል። አይደለም። የመጀመሪያውን ረቂቅ ክረምት ላይ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በስድስት ሳምንት እጨርሰዋለሁ። ጉዱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታሪኩ ሰልስት ላይ የሚሆን ተውኔት ጻፍኩ። እናት ሞታለች። ሦስት ልጆቿ ቤቱ ይሸጥ አይሸጥ እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ውጭ ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛ ተቀምጧል። ታላቂቱ ልጅ ሁለተኛው ገቢር ላይ ሁለት ገጽ የሚሞላ ንግግር ነበራት። ልጅነቷን፣ እናቷን ያስታመመችበትን ጊዜ፣ ወንድሞቿ ያልላኩትን ገንዘብ፣ ሁሉን ትዘረግፈዋለች። ስጽፈው አልቅሻለሁ። ከተውኔቱ ሁሉ እሱን ነበር የምወደው።

ረቂቅ ሲያልቅ መጀመሪያ የማደርገው ቤቴ ቡና አስፈልቶ ማስነበብ ነው። ሦስት አራት ተዋንያን ወረቀት ይዘው ያነባሉ፤ ጎረቤትም ይጠራል። ተዋንያኑን እንዳትተውኑ ብዬ እለምናቸዋለሁ፤ ዝም ብለው ያንብቡት። ጎበዝ ተዋናይ ደካማ ምልልስን ያድነዋል። እኔ ደግሞ መስማት የምፈልገው ደካማውን ነው። የዚያን ቀን እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን ቶናቸውን እየጠጡ ያን ንግግር እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ «ልጄ፣ መቼም ያምራል። ግን ሰልስት ላይ ይህን ሁሉ ማን ያስወራታል?» አሉኝ።

ሌሊቱን ተናድጄ አደርኩ። ጠዋት ላይ ልክ መሆናቸው ገባኝ። ሰልስት ላይ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። አንዱ በገባ ቁጥር «እግዜር ያጥናችሁ» ይባላል፤ ሐዘንተኛው ይነሣል፤ ለቅሶው እንደገና ይቀሰቀሳል። ስለዚህ ንግግሩን ስምንት ቦታ ቆራረጥኩት። ልጅቱ አፏን በከፈተች ቁጥር አንድ ለቀስተኛ ይገባል። ወንድሟን «አንተ እኮ እማዬን…» ስትል በሩ ይከፈታል። ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ታለቅሳለች፣ ሰውዬው ይቀመጣል፣ እሷ ካቆመችበት ልትቀጥል ትሞክራለች። ተመልካቹ መጀመሪያ ይሥቃል። ስድስተኛው ለቀስተኛ ሲገባ ግን አዳራሹ ጸጥ ይላል። ሁለት ገጹ ወደ አሥራ አንድ መስመር ወረደ፤ ያልተናገረችው ሁሉ ግን ተሰማ።

ትዕይንቱን የጻፉት እማማ ናቸው ብል አላጋነንኩም። ትኬት በነፃ ወስጄላቸው ነበር። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አልመጡም።

ከንባቡ በኋላ እንደገና ይጻፋል። ከዚያ ሦስት ወር ገደማ ልምምድ አለ። ሁሉም የራሱ ሥራ ስላለው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው የምንገናኘው። ልምምድ ላይም ጽሑፉ ይቀየራል። አንድ ተዋናይ አንዱን መስመር ሦስት ቀን በተከታታይ ከተሳሳተው ጥፋቱ የእሱ አይደለም። መስመሩ ነው አፍ ላይ አልቀመጥ ያለው። ያኔ በስሕተት ያለውን እጽፈዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ የእሱ ይሻላል። በመጨረሻ ከምረቃው በፊት አንድ ቀን ለተማሪዎች በነፃ እናሳያለን። ልጆች ሲሰለቻቸው አይደብቁም፤ ስልካቸውን ያወጣሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ የማየው መድረኩን ሳይሆን የስልኩን ብርሃን ነው። ብርሃኑ የበዛበት ቦታ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። በዚያው ማታ ይቆረጣል።

ደራሲዋም አዘጋጇም አንቺ መሆንሽ አይከብድም?

ይከብዳል። ደራሲዋ ስስታም ናት፤ ለጻፈችው ቃል ሁሉ ትሳሳለች። አዘጋጇ ሰዓት ታያለች። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ደራሲዋ አሸነፈች። ቴአትሩ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ሲመሽ ሰው ባጃጅ እንዳያጣ ሹልክ ሹልክ ማለት ጀመረ። ዋናው ተዋናይ መድረክ ላይ እየሞተ ከፊቱ ወንበር ይንቋቋል።

አሁን ሁለት ደንብ አለኝ። ረቂቁ ካለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር አልነካውም። ልምምድ ሲጀመር ደግሞ ጽሑፉን አልይዝም፤ የሚይዘው ረዳት አዘጋጁ ነው። ጽሑፍ የያዘ ሰው ቃል ይከታተላል እንጂ ሰው አያይም። ረዳቴን በአሥራ አምስት ዓመት እበልጠዋለሁ። ሥራው «እዚህ ጋ ያሰለቻል» ማለት ነው። ሲጀምር «እትዬ፣ ይቅርታ አርጊልኝና…» ይል ነበር። አሁን ይቅርታውን ትቶታል።

ለሌላ አዘጋጅ መስጠት አይሻልም ወይ? አንዳንዴ ይሻላል። ሁለት ሥራዎቼን ሰጥቻለሁ። አንዱን ሳየው እኔ ያልጻፍኩት የሚመስል፣ ግን ከገጹ ላይ የነበረ ቀልድ አገኘሁበት። ሌላኛውን አይቼ ቤቴ ሄጄ ተኛሁ።

የጎንደር ተመልካች ከባድ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ነገር አዋቂ ነው ብንል ይሻላል። ቴአትር የሚል ስም ሳይሰማ ድራማ ሲያይ የኖረ ሕዝብ ነው። ለቅሶ ላይ አልቃሽ የሟቹን ዘመን በግጥም ስታወርደው ሰምቷል። ሠርግ ላይ ፎካሪ ዱላውን ይዞ ሲንጎራደድ አይቷል። አዝማሪ ቤት ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንዱ «ተቀበል!» ይልና ግጥም ያቀብላል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ይለዋል። ግጥሙ ሰም አለው፣ ወርቅ አለው። ወርቁን ቀድሞ ያገኘው ይሥቃል፤ ጓደኛው ዘግይቶ ይሥቃል። ይህን የለመደ ሰው አዳራሽ ገብቶ ነገሩን አፍረጥርጣችሁ ብትነግሩት እንደ ንቀት ይቆጥረዋል።

አንድ ጊዜ ተዋናያችን «እኔ ለዚህች አገር ስል…» ብሎ ለአፍታ ዝም አለ። እንዲያዝን ነበር የጻፍኩት። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «አበል ተቀበልክ!» ብሎ ጨረሰለት። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ተዋናዩ እንደ ምንም ተቋቁሞ ቀጠለ። ማታ ቁጭ ብለን ስናስበው የሰውየው ከእኔ ይሻላል። በማግስቱ ቃሉን ተቀብዬ ለሌላ ገጸ ባሕርይ ሰጠሁት። ሰውየው ይህን ካነበበ አንድ ማኪያቶ አለብኝ።

ወርቁን በሰም መሸፈን ለመድረካችን አዲስ አይደለም። በ1910ዎቹ በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም የጻፉት፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለው፣ ሹማምንትን የሚነካው በእንስሳት ተረት ተሸፍኖ ነው። ሽፋኑ አልበቃም። ቤተ መንግሥቱ ወርቁን ቶሎ አገኘውና ታገደ።

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ለምን አትጽፊም?

ይህ በሳምንት አንዴ አይቀርም። «ቋራ የተወለደ ጀግና እያለ፣ ጎንደር ተቀምጠሽ ስለ ሰልስት ትጽፊያለሽ?» ይሉኛል።

አንደኛ፣ ተጽፏል። የበጅሮንድ ተክለሐዋርያት ልጅ ግርማቸው ተክለሐዋርያት ጽፈውታል። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ጽፏል። ከእነሱ በኋላ ብዕር ማንሣት ይቻላል፤ ባዶ እጅ ግን አይኬድም።

ሁለተኛው ምክንያት ይከብዳል። መድረክ ላይ የለመድነው ቴዎድሮስ የመቅደላው ነው፤ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ ሽጉጡ፣ እጅ አልሰጥም። ጎንደር ግን ሌላም ቴዎድሮስ ታውቃለች። በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን ያስዘረፉት፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ያቃጠሉት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። አንዴ ሞክሬዋለሁ። ንጉሡ መድረክ ላይ አይወጡም። አንድ ደብተራና ሚስቱ ወታደር ሳይደርስ በአንዲት ሌሊት ምኑን እንደብቅ፣ ምኑን እንተው እያሉ ይከራከራሉ። ሁለት ትዕይንት ጽፌ ለንባብ አቀረብኩት። ከአድማጮቹ ግማሹ «ጀግናችንን!» ብሎ ተቆጣ። ግማሹ ደግሞ ከአያቱ የሰማውን መናገር ጀመረ። ንባቡ ቀረ፤ ክርክሩ እስኪመሽ ሄደ። እውነቱን ለመናገር እኔ ከጻፍኩት ይልቅ እሱ ነበር ቴአትር። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ሌላም ታሪክ ሞልቷል። እቴጌ ምንትዋብን አስቡ። ቁስቋም ላይ ቤተ መንግሥት አሠርተው፣ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. በራስ ሥዑል ሚካኤል እጅ ሲጠፋ በሕይወት የነበሩ ሴት ናቸው። ይህን ለማሳየት ሠራዊት አያስፈልግም። አንዲት አሮጊትና አንድ መልእክተኛ ይበቃሉ። በጀታችንም የሚፈቅደው እሱን ነው።

የታሪክ ተውኔት ዋና ጠላቱ ካባ ነው። ተዋናይ ካባ ሲለብስ እንደ ሐውልት ይቆማል፤ ድምፁም ይወፍራል። እኔ ለሁለት ወር በጋቢ ነው የማለማምደው። ንጉሡ ጥሬ እየቆረጠመ፣ እቴጌይቱ ጥጥ እየፈተለች ቃላቸውን ይወጡታል። ካባው የሚመጣው በመጨረሻው ሳምንት ነው።

የት ነው የምታሳዩት? ፋሲል ግቢ ውስጥ አይቻልም?

አዳራሽ በተገኘበት። የትምህርት ቤት፣ የመሥሪያ ቤት፣ የሆቴል። አብዛኛው አዳራሽ ለስብሰባ የተሠራ ነው። መድረኩ የታሰበው ለክብር እንግዳ ስለሆነ የጎን መውጫ የለውም። አንድ ገጸ ባሕርይ ተቆጥቶ እንዲወጣ ከፈለግኩ በተመልካቹ መሀል «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ነው የሚያልፈው። ይህን እያወቅኩ ስለምጽፍ ሰዎቼ አሁን አሁን ተቆጥተው አይወጡም። ተቆጥተው ይቀመጣሉ። ለድራማውም ሳይሻል አልቀረም።

መብራት ይጠፋል። ጀነሬተር ቢገኝ ድምፁ ተዋናዩን ይውጠዋል። አንድ ትዕይንት በተመልካች ስልክ ብርሃን ጨርሰን እናውቃለን። ሰዓት እላፊ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር የምናሳየው። ፀሐይ በመስኮት እየገባ ተዋናዩ «ምን ያለ ጨለማ ነው!» ሲል አስቡት። ያን መስመር ሠረዝኩት።

ፋሲል ግቢ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሚስማር አይመታበትም፤ መብራት ያሻችሁ ቦታ አይሰቀልበትም። ትክክልም ነው። ለእኔ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ግንቡ ራሱ ተዋናይ ነው። ከፊቱ የቆመ ሰው የፈለገውን ቢጮህ ዓይን የሚሄደው ወደ ግንቡ ነው። ለበዓል ትርኢት ያምራል። ለሁለት ሰው ሹክሹክታ አይሆንም።

ለምን አዲስ አበባ አትሄጂም?

እዚያ ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቴአትር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አንድ ቴአትር በሳምንት አንድ ቀን ይያዝለትና ለወራት ይታያል፤ ከተሳካለትም ከዓመት በላይ። የምቀናው በዚያ ነው። ቴአትር አሥረኛው ቀን ላይ ነው መተንፈስ የሚጀምረው። እኛ ሦስተኛው ቀን ላይ ዕቃችንን እንሸክፋለን። ምረቃ ላይ ያየሁትን ስሕተት ሁለተኛው ቀን አርመዋለሁ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ያየሁት ግን ከእኔ ጋር ወደ ቤት ይሄዳል።

ቢሆንም ጆሮዬ ያለው እዚህ ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ ሄጄ እማማን ማን ቡና ያጠጣልኛል?

በጎንደር አነጋገር ነው የምትጽፊው?

እንደ ሰዉ ነው። አያቴ «አይደለም» አይሉም፤ «አይዶለም» ነው የሚሉት። እሳቸውን የምትመስል ገጸ ባሕርይ «አይዶለም» ትላለች። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ልጇ «አይደለም» ይላል። ሲናደድ ግን ሳያውቀው «አይዶለም» ይወጣዋል። ይህች አንዲት ቃል አንድ ገጽ ማብራሪያ ታስቀርልኛለች። የገጠር ሰው አነጋገር ለማሾፊያ ብቻ የሚጠራበትን ቀልድ ግን አልጽፍም።

ገንዘብ አለው?

የለውም። ትኬቱ የአዳራሽ ኪራይና የተዋንያን ትራንስፖርት ከሸፈነ በዚያ ቀን ጥብስ እንበላለን። ገንዘብ ያለው ትዕዛዝ ሥራ ላይ ነው። ስለ ክትባት፣ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ስለ እጅ መታጠብ የሃያ ደቂቃ ጭውውት ጻፉልን ይባላል። እሠራለሁ፤ አላፍርበትም። አጭር መጻፍ የተማርኩት እዚያ ነው። አንድ ጊዜ ግን አንድ ድርጅት ሥራውን ተረክቦ፣ አሳይቶበት፣ ፎቶም ተነሥቶበት ሲያበቃ ግማሹን ክፍያ «በጀት ተዘግቷል» ብሎ አስቀረብኝ። በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ግንቦት ላይ የሚመጣ ትዕዛዝ ካለ ውሉን ቀድማችሁ ፈርሙ፤ ቅድሚያ ክፍያም ጠይቁ።

ድርሰቴን ቢሰርቁኝስ?

የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ተውኔት ከተጻፈባት ቀን ጀምሮ የእናንተ ነው፤ ጥበቃ ለማግኘት መመዝገብ ግዴታ አይደለም። መብቱ በደራሲው ዕድሜ ልክና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ጥበቃ የሌለው ሐሳብ ነው። «ሰልስት ላይ የሚጣሉ ወንድማማቾች» የማንም ነው። እኔ የጻፍኳቸው መስመሮች ግን የእኔ ናቸው። ስለዚህ ሐሳባችሁን ቡና ቤት ከማውራታችሁ በፊት ጻፉት። ረቂቅ ስታስነብቡ ቀኑን ጽፋችሁ አንባቢዎቹን አስፈርሙ፤ ነገ ክርክር ቢመጣ ማስረጃ ይሆናል።

ከልምዴ ግን የሚበዛው ችግር ስርቆት አይደለም። ጽሑፉን የሚደብቅ ጀማሪ ነው። እንዳይሰረቅበት ለማንም አያስነብብም፤ ስለዚህ ደካማው ምልልስ መድረክ ላይ ነው የሚገለጥበት።

እኔም ልጽፍ እፈልጋለሁ። በምን ልጀምር?

በሁለት ሰው፣ በአንድ ክፍልና በአንድ ዕቃ። አንዱ ዕቃውን ይፈልገዋል፤ ሌላው አይሰጥም። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ራሳችሁ ካንቀላፋችሁ ሌላውም ያንቀላፋል።

አሁን ምን እየሠራሽ ነው?

አፄ በካፋን። ልብስ ለውጠው በሕዝቡ መሀል ይዞሩ ነበር ይባላል። ሞቱ ተብሎ ሲወራም ተደብቀው ማን እንደሚያዝን፣ ማን እንደሚደሰት አይተዋል የሚል ጨዋታ አለ። የራሱን ለቅሶ የሚያይ ሰው! አሁንም ለቅሶ ቤት አልወጣሁም፤ አውቀዋለሁ።

የያዘኝ ነገር አለ። ተመልካቹ ንጉሡ እንዳልሞቱ ያውቃል ወይስ አያውቅም? የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ያውቃል፤ ሣቁ ሞቅ ይላል፣ ፍርሃቱ ግን የለም። ሁለተኛው ላይ አያውቅም። ለንባብ ሳቀርበው አንዱ ጎረቤት ገና በመጀመሪያው ገቢር «አልሞቱም!» አለ። በምን አወቅህ ስለው «ምርጡን ተዋናይሽን በአምስት ደቂቃ ትገድዪዋለሽ?» አለኝ።

ስለዚህ ንጉሡን ለጀማሪ ልጅ ሰጥቼ፣ ያን ስመ ጥር ተዋናይ አጋፋሪ ላደርገው እያሰብኩ ነው። ለእሱ ግን ገና አልነገርኩትም።